ጀርሙንም ደሙንም የሚበሳ መድኃኒት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ጎማ ስትገለብጥ ቀጥ አድርጎ የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ "ምንም አይደል" እያልክ ጥርስህን ነክሰህ ነው የምትሠራው? እማዬስ ደህና ናት? የደም ግፊት ክኒኗን ራሷ እየዋጠች ነው ወይስ አሁንም ራሴን አመመኝ ላለ ጎረቤት ሁሉ ታድላለች? እትዬስ? ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት ስትል ሰውነቷ እንዳለቀ ድምጿ ይናገራል፤ እሷ ግን "ወፍሬያለሁ" ትለኛለች። ስለ ማሙሽ አልጠይቅህም። ስለ እሱ የምጠይቅህ ሳይሆን የምነግርህ ነገር ነው ያለኝ፤ ስልኩን ትቼ ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው።

እኔ አካሌ ደህና ነው። በልቼ አድራለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። አለሁ ማለት ይህ ከሆነ አለሁ።

ስደውልልህ መጀመሪያ ላይ ቁልጭ አድርገህ ትሰማኛለህ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ እራቴ ሁሉ ይሰማሃል። "ግን እኮ አባዬ" ብዬ ስጀምር "አይሰማም! ይቆራረጣል!" ብለህ ስልኩን ለእትዬ ታቀብላታለህ። እትዬ ስትይዘው ደግሞ አጠገቤ የተቀመጠች ያህል እንሰማማለን። የአንተን ኔትወርክ ከነቃሁበት ቆይቷል። ደብዳቤ ግን አይቆራረጥም። መነጽርህን አድርግ፣ ሱቁን ገርበብ አድርገውና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። መሃል ላይ ተናደህ ብትነሳ እንኳ ተመልሰህ ጨርሰው፤ አፈር ስሆን።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የምትጠብቀው መድኃኒት አይመጣም። ዘግይቷል ማለቴ አይደለም፤ መንገድ ላይ ነው ማለቴም አይደለም። ለማሙሽ የሚሆን መድኃኒት እጄ ላይ የለም። የአጥንት ሐኪሙ የነገረህን እሺ በለው። እግሩ ይቆረጥ።

ይህችን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን ገልብጬ ተነሳሁ። ፊቴን ታጥቤ፣ መስኮት ላይ ቆሜ የሰው መኪና ስቆጥር ቆይቼ ነው የተመለስኩት። የገዛ ወንድሜን እግር ቁረጡት ብዬ በእጄ እጽፋለሁ ብሎ ማን አሰበ?

ያ የሚበይደው የበር ብረት ቅልጥሙ ላይ የወደቀበት ቀን እግሩን ብቻ የሰበረው መስሎን ነበር። አጥንቱ በብረት ታሰረ፣ ቁስሉ ገጠመ፣ ተመስገን ተባለ። ከዚያ መግል መቋጠር ጀመረ። ሐኪሙ አንዱን መድኃኒት ሲያዝለት ጀርሙ ተላመደው፤ ጠንከር ያለውን ሲያዝለት ያንንም ተላመደው። እትዬ የጀርሙን ስም ከሆስፒታሉ አስጽፋ በስልክ የላከችልኝ ቀን ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ደርቄ ቀረሁ። የማውቀው ጀርም ነዋ! በየማለዳው ምግብ የምሰጠው፣ ሙቀቱን የማስተካክልለት፣ እንደ ጥጃ የማሳድገው ጀርም ነው። እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ የእኔ እንጀራ እሱን አሳድጎ በአዲሱ መድኃኒታችን መግደል ነው።

የተሳካልኝ ቀን ደግሞ ማሙሽ አልጋ ላይ ሆኖ ሁላችሁም ዙሪያውን ከባችሁት ነበር። ጀርሙን የማበቅልበትን ሳህን ከማሞቂያው ሳወጣው፣ መድኃኒቱን ያንጠባጠብኩበት ቦታ ሁሉ ጥርት ብሎ አንድም ጀርም አልበቀለበትም። ጓንቴን እንኳ በወጉ ሳላወልቅ ደወልኩላችሁ። "ገደለው! ያንኑ የማሙሽን ጀርም ገደለው!" ብዬ ጮህኩ። እማዬም ጮኸች። አንተ "የልጄ እጅ ይባረክ" አልክ። እኔ "ገና ሳህን ላይ ነው" ብያችኋለሁ፤ እሷ ቃል ግን በጩኸቱ መሃል ቀረች። ከዚያ ወዲህ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሁሉ "ልጄ መድኃኒቱን በእጇ ይዛለች፣ የሚያመጣላት ሰው እስኪገኝ ነው" የሚለውን ሳይሰማ እንደማይሄድ ማሙሽ ራሱ እየሳቀ ነግሮኛል። ሲስቅ ግን ሳቁ እስከ መጨረሻው አልሄደም።

አሁን ነገሩን ከፍቼ ላሳይህ። አውቅሃለሁ፤ አንድ ነገር ለምን እንደተበላሸ በዓይንህ ካላየህ አታምንም፤ ካላመንክ ደግሞ እሺ አትልም።

ጀርም ማለት ነፍስ ያላት ከረጢት ናት። ከረጢቷ ከቅባት የተሠራ እጅግ ስስ ሽፋን ነው። ውስጥ መኖር ያለበት ውስጥ፣ ውጪ መቅረት ያለበት ውጪ እስከሆነ ድረስ ትኖራለች፤ አንተ የምትለጥፈው የውስጥ ጎማ አየሩን ይዞ እስከቆየ መኪናው እንደሚሄደው ማለት ነው። ማሙሽ የወሰዳቸው መድኃኒቶች አብዛኞቹ ውስጧ ገብተው ሥራዋን የሚያስተጓጉሉ ናቸው። እሷም ብልጥ ናትና መግቢያውን ትቀይርባቸዋለች፣ ወይ ጠርጋ ታስወጣቸዋለች። የእኛው ግን የውስጥ ሥራዋ ውስጥ መግባት አያሻውም። ከረጢቱን ራሱን ነው የሚበሳው።

መድኃኒቱ ከፕሮቲን የተሠራ አጭር ሰንሰለት ነው በለው። እኛ አይደለንም የፈጠርነው፤ እንቁራሪት በቆዳዋ ላይ፣ ሰውም በገዛ ቆዳውና በእንባው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል። እኛ ከዚያ ወስደን እዚህም እዚያም ነካካነው። ባትሪ ላይ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አለ አይደል? የጀርሟ ሽፋን በውጪ በኩል ኔጋቲቭ ነው፤ ሰንሰለቱ ደግሞ ፖዘቲቭ። ስለዚህ ይሳሳባሉ። ሰንሰለቱ ይመጣና ሽፋኑ ላይ ጋደም ይላል። አንዱ ብቻውን ምንም አያመጣም። ሌላው ይመጣል፣ ሌላው ይደረባል፤ ቦታው ሲጣበብ፣ አንድ ጎኑ ቅባት ወዳጅ ስለሆነ ወደ ሽፋኑ ውስጥ ይሰምጣል። ጎን ለጎን ሲሰለፉ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ አንዳንዴም ቀዳዳ ሳይሆን ሽፋኑን ብጥስጥሱን ያወጡታል። በዚያ ውስጧ ያለው ሁሉ ይፈሳል፣ ውሃው ይገባል፣ ጀርሟ በደቂቃዎች ውስጥ ታልቃለች። በማይክሮስኮፕ ሳየው ክፉ ደስታ ተሰምቶኝ ነበር። የወንድሜን አጥንት የሚበላ ነገር ሆድ ዕቃው ሲዘረገፍ አይቼ ባልደሰት ነበር የሚገርመው።

ታዲያ ምን ጎደለ ትለኛለህ። የሰው ሕዋስም ከረጢቱ ከቅባት መሆኑ ነው የጎደለው።

እርግጥ የእኛ ሽፋን በውጪ በኩል ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም አይደለም፤ ለዚህ ሰንሰለቱ እምብዛም አይቀርበውም። ደግሞም እማዬ ሐኪም ያስጠነቀቃት ያ ኮሌስትሮል እዚህ ላይ ባለውለታችን ነው፤ ሽፋኑን ጠንከር ያደርገዋል። መጠኑ ትንሽ ሲሆን መድኃኒቱ ጀርሙን ይዞ እኛን ያልፈናል። ሳህን ላይ ያየሁት እሱን ነው። ሰው ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ገሚሱን አቅፎ ያስቀረዋል። የሰውነታችን ቆራጭ ኬሚካሎች ምግብ መስሏቸው ይከታትፉታል። ከዚያ የተረፈው እግሩ ጋ ሲደርስ፣ ጀርሞቹ የታሰረለት ብረት ላይ ዝልግልግ ነገር ተጎናጽፈው ተኝተዋል፤ እዚያ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እንግዲህ እነሱ ጋ እንዲደርስ ብዙ እጥፍ መጨመር ሊኖርብን ነው። ብዙ እጥፍ ሲሆን ደግሞ መምረጡን ያቆማል። ያገኘውን ሁሉ ይበሳል።

ይህን የምንፈትንበት መንገድ ቀላል ነው። የሰው ደም ቀይ ሕዋሶች ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርገን መድኃኒቱን እንጨምርበታለን፤ ከዚያ ማሽን ላይ እናሽከረክረዋለን። ሕዋሶቹ ደህና ከሆኑ ታች ይዘቅጣሉ፤ ከላይ ያለው ውሃ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ከተበሱ ግን ቀለማቸው ይፈስና ውሃው ቀይ ይሆናል። ለማሙሽ በሚበቃው መጠን ስሞክረው ውሃው ቀላ። ከሌላ ሰው ደም ወስጄ ደገምኩት፤ ቀላ። የራሴን ደም ነርሷን ለምኜ አስቀዳሁና ሞከርኩት፤ ምናልባት የእኛ ቤት ደም ይጠነክር ይሆናል ብዬ እኮ ነው፤ ይህን ያህል ጅል ሆኜልሃለሁ። እሱም ቀላ።

አለቃዬን ታውቃታለህ፤ "ቀስ በሉ" ብዬ ስም ያወጣሁላት ሴትዮ። ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ሥራ ላይ ነው ያረጀችው። ለእሷ ሁሉን ነገርኳት፤ እግሩን፣ ሐኪሙን፣ አንተን። እንባዋ ቅርር ሲል አየሁት፤ ለእሷ ይህ ብርቅ ነው። ሰንሰለቱን ከአንድ ቦታ ለውጠን እንሞክር አለችኝ። ለወጥነው። ለደሙ ሲራራለት ለጀርሙም ራራለት። ቀዳዳ መክፈቻውን ስናጎለብተው ደሙን ፈጀው። ብዙ ሰው በብዙ አገር እዚችው ላይ ተቀምጦ ራሱን እየያዘ ነው፤ የእኛ ብቻ ድክመት አይደለም። ለአንተ ግን ይህ ምን ይረባሃል? ለእኔም አልረባኝም።

ከዚያ በኋላ ነጫጮቹ አይጦች ላይ ሞከርነው። እዚህ ላይ አላረዝምብህም። ጠዋት ወግተናቸው ከሰዓት ሽንታቸው ቀላ፤ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ኩርምት አሉ፤ አልተነሱም። እነሱን ባየሁበት ዓይን ማሙሽን አሰብኩት። አንተ በባለፈው ስልክ "ትንሽም ብትሆን ላኪልኝ፣ በእኔ ኃላፊነት" ያልከኝን አልረሳሁትም። ኃላፊነቱን ብትወስድም ደሙ የእሱ ነው። ደግሞ "ይቀባበት" ብለህ ነበር። ቆዳው ላይ ያለ ቁስል ቢሆን ኖሮ እሱም አንድ ነገር ነበር፤ ጀርሙ ግን የአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ገብቷል። ከላይ መቀባት ጎማው ውስጥ ለገባ ሚስማር መኪናውን ማጠብ ነው።

ይህን ሁሉ አውቄም ቢሆን ማክሰኞ ዕለት አእምሮዬ ከዳኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ አንዷን ብልቃጥ አወጣሁ። ምሳ ዕቃዬ ውስጥ በበረዶ ጠቅልዬ አስቀመጥኳትና ወጣሁ። ምን እንደማደርጋት አላውቅም፤ ብቻ ላኪልኝ ብለኸኛል፣ ልልክልህ ነበር። ዘበኛው ጋ ስደርስ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ዘበኛው ምሳዬን የምበላ መስሎት ወንበር አመጣልኝ፤ ደግ ሰው ነው። ያንን ምሳ ዕቃ ታቅፌ፣ ከውስጡ ያለው ነገር የወንድሜን ጀርም እንደሚገድልም፣ ወንድሜን እንደሚገድልም እያወቅኩ ቁጭ አልኩ። ሰው አጠገቡ መድኃኒት እያለ ወንድሙን ያጣል እንዴ አባዬ? ለካ ያጣል። ተመልሼ ብልቃጧን ቦታዋ አደረግኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ማቀዝቀዣ አስጠልቶኛል፤ ሥራው አስጠልቶኛል፤ እጄም አስጠልቶኛል።

በማግስቱ ማሙሽ ብቻውን ደወለልኝ። እትዬ ምግብ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳያስረዝም "ቁርጡን ንገሪኝ፤ አለ ወይስ የለም?" አለኝ። የለም አልኩት። ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? "እንግዲያው ለአባዬ አንቺ ንገሪው። እኔ ስነግረው ተስፋ ቆረጥክ ብሎ ይቆጣኛል። የእግሬ ሽታ ለራሴ እየሰቀጠጠኝ ነው፤ ሰው ሲገባ ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ እደራርባለሁ። ግን አባዬ በአፉ እሺ ሳይል አላስቆርጥም" አለኝ። ጢሙን ያበቀለ ሰውዬ ነው፤ ሐኪሙም ራሱ መወሰን እንደሚችል ነግሮታል። እሱ ግን አንተን አልፎ እግሩን አይሰጥም። እንደዚህ አድርገህ ነው ያሳደግኸን፤ ጥፋት ነው አላልኩም። አሁን ግን እሱ አንተን ይጠብቃል፣ አንተ እኔን ትጠብቃለህ፣ እኔ ምንም የምጠብቀው የለኝም። በዚህ መሃል ጀርሙ ማንንም አይጠብቅም።

ለእማዬ የደበቅኸውን ለእኔ እትዬ ነግራኛለች፤ አትቆጣት። ሐኪሙ ከጉልበት በታች መቁረጥ ይበቃል ያለው ቀደም ሲል ነበር። አሁን ከጉልበት በላይ ይሆናል ብሏል። ወደ ደሙ ከገባ ደግሞ መቁረጡም አይረባም ብሏል። እኔም ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ፤ ሐኪሙ አላጋነነም። ምናልባት ይህ ደብዳቤ እስኪደርስህ እንኳ አልፎ ይሆናል። ይህን እያሰብኩ ነው የምጽፍልህ። ደብዳቤው በጊዜ ደርሶ ከሆነ፣ ሳትውል ሳታድር ሂድ። አልፎ ከሆነም ሂድና አጠገቡ ቁጭ በል፤ መድኃኒት እየመጣ ነው ብለህ ግን አታጽናናው፤ ያውቃል።

ብዙ ሰዎች "አንድ ቀን ይሳካል" ይሉኛል። ይሳካ ይሆናል። ለሌላ ሰው ልጅ፣ ለሌላ ሰው እግር። እኔ ለዚያ ቀን ደስታ አልቀረኝም። የተማርኩት ለዚህ ከሆነ፣ እዚህ ድረስ የመጣሁት የማሙሽን ጀርም እያበላሁ ላሳድግ ከሆነ፣ እማዬ አጠገብ ቀርቼ ልብስ ባጥብላት ይሻለኝ ነበር። ይህን ስልህ እንድታጽናናኝ አይደለም። እንድታውቀው ብዬ ነው። ከአንተ በቀር ለማን እላለሁ?

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ፤ ደብዳቤውን ግን አንተ አንብብላት እንጂ ብቻዋን አታንብበው። እትዬ ደግሞ አንድ ሌሊት እንኳ ቤቷ ትደር፤ ተራውን አንተ ያዝላት። ልጆቿን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ ትልቋ አጎቴ መቼ ነው የሚነሳው እያለች እንደምትጠይቅ ሰምቻለሁ፤ አትዋሿት። ለአክስቴ፣ ቤት ሳለ ቁስሉን ታጥብለት ለነበረችው ጎረቤታችን ነርስ፣ ሱቅህ ደጃፍ ለምትቀመጠዋ ጋዜጣ ሻጭ ሁሉ ሰላም በልልኝ። መድኃኒት አላት ብለህ ለነገርካቸው ደንበኞችህም የለም በላቸው፤ እያፈርክ አትንገራቸው፣ እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ።

ለማሙሽ ሰላምታ ብቻ አልላክሁም። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ እዚህ ሊፍት የሚጠግን ያገራችን ሰው ነው፤ ከእጁ ረዘም ያለ ጥቅልም ትቀበላለህ። ስታየው ልብህ እንዳይሰቀል አስቀድሜ ልንገርህ፤ ክራንች ነው። ጥንድ ነው፤ ቀላልና ጠንካራ ነው። ቁመታችን እኩል ስለሆነ በራሴ ለካሁት። አንድ እግሬን አጥፌ ከአልጋዬ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋዬ ሄድኩበት። ብብት ይልጣል፤ ጨርቅ ጠቅልዬበታለሁ። አባዬ፣ ያቺን ቃል በአፍህ ማውጣት እንደማይሆንልህ አውቃለሁ። አታውጣት። ለእትዬም ለሐኪሙም አትስጠው፤ ጥቅሉን ራስህ ፈትተህ በእጅህ ለማሙሽ ስጠው። እሺ ማለትህን በዚያ ያውቃል።

ልጅህ

ከተከራየኋት ክፍል
የካቲት 9 ቀን